ጥንዚዛ የሚጋልቡ የጨፋ ቅንቅኖች
አዲስ ዝርያ ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋውን የጨፋን ሜዳ ሳያይ አያልፍም። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ለምለምና ረግረግ መስክ ማለት ነው። በበጋ ወራት፣ የዙሪያው ቆላ ደርቆ ሣር ሲጠፋ፣ ይህ ሜዳ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ይመጣበታል። ከብት በበዛበት እበት ይበዛል፤ እበት በበዛበትም ጥንዚዛ አይጠፋም።

እኛም በጨፋ ሮቢት አጠገብ ከሚገኘው መስክ የሰበሰብናቸውን የእበት ጥንዚዛዎች ገልብጠን ስንመለከት፣ በእግሮቻቸው መጋጠሚያና በደረታቸው ሥር ቡናማ የሆኑ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየን። ሥራችንን ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከብት ጠባቂም፣ «ልጆቼ፣ ይህ ቅንቅን ጥንዚዛውን ይበላዋል ወይስ ይጠቅመዋል? ስሙስ ማን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁን። ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱንም ልንመልስላቸው አልቻልንም። «አባቴ፣ አጥንተን ስንመለስ እንነግርዎታለን» ብለን ተለያየን።

በመንገድ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ «ይህ እኮ አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ለምን በጨፋ ስም አንሰይመውም?» የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ ሁላችንንም ደስ አሰኘን። ነገር ግን አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ለመናገር ምን ምን መሟላት እንዳለበት መመርመር ስንጀምር ደስታችን ቀስ በቀስ ወደ ጥንቃቄ ተለወጠ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አዲስ ፍጥረት አገኘን ብሎ ማወጅ ሳይሆን፣ በጥንዚዛ ላይ የሚኖሩት ቅንቅኖች እነማን እንደ ሆኑ፣ አንድ ዝርያም አዲስ ተብሎ የሚገለጠው በምን ሥርዓት እንደ ሆነ ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅንቅን ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአገራችን ቋንቋ ቅንቅን የሚለው ስም ብዙ ነገር ያጠቃልላል። ዶሮን የሚያሳክከውም ሆነ ሌላው ጥቃቅን ተባይ በዚሁ ስም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ግን ቅንቅን ስንል ፈረንጆች ማይት የሚሉትን፣ ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን የሆነውን እንስሳ ብቻ ማለታችን ነው። ጥንዚዛ፣ ዝንብና ጉንዳን ስድስት እግር ሲኖራቸው አብዛኛው ቅንቅን ለአካለ መጠን ሲደርስ ስምንት እግር አለው፤ ክንፍና የራስ ላይ ቀንድ ግን ፈጽሞ የለውም። ከእንቁላል እንደ ተፈለፈለ ስድስት እግር ብቻ ስለሚኖረው ጀማሪ ተማሪን ያሳስታል። ከዚያ በኋላ ቆዳውን እየለወጠ ያድጋል። ከነዚህ የዕድገት ደረጃዎች አንዱ ዲዩቶኒምፍ ይባላል። ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይህን ስም ልብ እንዲል እንለምናለን።

እስከ ዛሬ ድረስ በሳይንስ ስም የተሰጣቸው የቅንቅን ዝርያዎች ከ50,000 በላይ ናቸው። ስም ያላገኙት ደግሞ ከነዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚሆኑ የዘርፉ ሊቃውንት ይገምታሉ። ስለዚህ በጨፋ መስክ አዲስ ዝርያ ቢገኝ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ማግኘቱ ሳይሆን አዲስ መሆኑን ማስረዳቱ ነው።

በጥንዚዛ ላይ ስለሚኖሩ ቅንቅኖች መጻፍም የቆየ ሥራ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ የእንስሳት ሁሉ ስም አሰጣጥ መነሻ በሆነው የ1758 መጽሐፉ ውስጥ አካሩስ ኮሌዮፕትራቶሩም ብሎ የሰየመው ቅንቅን ጥንዚዛ ላይ የሚሳፈር ነው፤ ስሙም ይህንኑ ያመለክታል። ይህ ቅንቅን ዛሬ ፓራሲቱስ ኮሌዮፕትራቶሩም ይባላል።

ለምን ይሳፈራሉ?

ትኩስ እበት ለጥቃቅን ፍጥረት እንደ ሳምንታዊ ገበያ ነው፤ ቶሎ ይሞላል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበተናል። ዝንብ ወዲያው ደርሳ እንቁላሏን ትጥልበታለች። ጥንዚዛም ሽታውን ተከትሎ እየበረረ ይመጣል። ከጥንዚዛዎቹ አንዳንዱ እበቱን አድቦልቡሎ እያንከባለለ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ከእበቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ አንዳንዱም እዚያው እበቱ ውስጥ ይኖራል። ፀሐይ ሲያደርቀውና ጥንዚዛ ቀብሮ ሲጨርሰው ግን በውስጡ የነበረው ሁሉ ሌላ ትኩስ እበት መፈለግ አለበት።

ለቅንቅን ይህ ታላቅ ችግር ነው። ክንፍ የለውም፤ አንድ ሚሊሜትር ያህል የሆነው አካሉም በዚያ ሐሩር ከአንዱ እበት ወደ ሌላው በእግሩ ሊያደርሰው አይችልም። ስለዚህ ወደዚያው ከሚሄደው ጋር ይሳፈራል። ጥንዚዛው አዲስ እበት ላይ ሲያርፍ ቅንቅኑ ይወርድና ሥራውን ይጀምራል። ሊቃውንት ይህን ጠባይ ፎረሲ ይሉታል፤ እኛ መሳፈር ብንለው ትርጉሙን የምንስት አይመስለንም።

የአሳፈር መንገዳቸው ግን አንድ አይደለም። ማክሮኬሊዴ በሚባለው ቤተ ሰብ ውስጥ የሚሳፈሩት አዋቂ ሴቶቹ ናቸው፤ በአፋቸው ፊት ባሉት መቆንጠጫዎች የጥንዚዛውን ጠጉር ይዘው ይጓዛሉ። ፓራሲቲዴ በሚባለው ቤተ ሰብ ደግሞ የሚሳፈረው ዲዩቶኒምፉ ነው። ኡሮፖዲና የሚባሉት ከአካላቸው ጫፍ የሚወጣው ፈሳሽ ደርቆ እንደ ዘንግ ሲሆንላቸው በዚያ ዘንግ ከጥንዚዛው ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ። አስቲግማታ ከሚባሉት ውስጥም ብዙዎቹ ለጉዞ ብቻ የተዘጋጀ ዲዩቶኒምፍ አላቸው፤ ይኸውም የሚመገብበት አፍ የሌለው፣ በሆዱ በኩል ግን የሚጣበቅበት የመምጠጫ ሰሌዳ ያለው ነው። እንግዲህ የተሳፋሪውን ዕድሜና አያያዙን በማየት ብቻ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በመጠኑ መገመት ይቻላል።

ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

ሽማግሌው የጠየቁን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱም «እንደ ዝርያው ነው» የሚል ነው።

ማክሮኬሊዴዎች በጥንዚዛው አካል አይተዳደሩም። ምግባቸው በእበት ውስጥ የሚገኙት የዝንብ እንቁላሎች፣ ገና የተፈለፈሉ የዝንብ ትሎችና ጥቃቅን ክር መሰል ትሎች ናቸው። ከነዚህም በጣም የታወቀው፣ ስኮፖሊ በ1772 የገለጠው ማክሮኬሌስ ሙስኬዶሜስቲኬ የቤት ዝንብን እንቁላል በመብላቱ በብዙ አገር ተጠንቷል። በሞቃት ስፍራ ከእንቁላል ተነሥቶ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ሴቷ ከወንድ ጋር ሳትገናኝ የምትጥለው እንቁላልም ወንድ ሆኖ ይፈለፈላል፤ በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት ብቻዋን አዲስ እበት ላይ ብትወርድም ትውልዷ አይቋረጥም።

ከዚህ በተቃራኒ ፖዳፖሊፒዴ የሚባሉት ቅንቅኖች በጥንዚዛ ጠንካራ የላይ ክንፍ ሥር ተደብቀው የአካሉን ፈሳሽ የሚመጡ ጥገኞች ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ኮክሲፖሊፑስ ሂፖዳሚዬ ነጠብጣብ ያለባትን የአውሮፓ ቀይ ጥንዚዛ በተራክቦ ጊዜ ከአንዷ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይይዛታል፤ የተያዘችውም ሴት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፍሬያማ እንቁላል መጣል ያቆማል።

በሁለቱ መካከል ያለ ደግሞ አለ። በአውሮፓ የትንንሽ እንስሳትን ሬሳ የሚቀብሩ ጥንዚዛዎች ፖይኪሎኪሩስ የሚባሉ ቅንቅኖችን ይሸከማሉ። እነዚህ ቅንቅኖች በሬሳው ላይ የተጣለውን የዝንብ እንቁላል ሲበሉ ለጥንዚዛው ልጆች ምግብ ያተርፉላቸዋል። ዝንብ በሌለበት ጊዜ ግን የጥንዚዛውን እንቁላል እስከ መብላት ይደርሳሉ። ስለዚህ ያው አንድ ፍጥረት እንደ ሁኔታው ወዳጅም ጠላትም ሊሆን ይችላል።

ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

«ስም ቢኖረው ባይኖረው ለገበሬው ምን ይረባዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሁለት ምሳሌዎችን እንጥቀስለት።

የመጀመሪያው የንብ ነው። ሆላንዳዊው አውደማንስ በ1904 ከጃቫ ደሴት የመጣ የንብ ቅንቅን ቫሮዋ ያኮብሶኒ ብሎ ገለጠ። ኋላም በዓለም ዙሪያ የንብ ቀፎዎችን ያጠፋ የነበረው ቅንቅን ያው እርሱ ነው እየተባለ ለብዙ ዓመታት ተጻፈ። በ2000 አንደርሰንና ትሩማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥፋቱን የሚያደርሰው ሌላ ዝርያ መሆኑን አስረድተው ቫሮዋ ዴስትራክተር ብለው ሰየሙት። እስከዚያ ድረስ ስለ ሁለቱ የተጻፈው ነገር በአንድ ስም ተቀላቅሎ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጨፋ ጥንዚዛዎች ጋር የቀረበ ዝምድና አለው። የቀንድ ከብት ወደ አውስትራሊያ የገባው በ1788 ነው። የዚያ አገር ጥንዚዛዎች የካንጋሮንና የመሰሎቹን ደረቅ ፍግ የለመዱ ስለ ነበሩ የላም እበት ከመስኩ ሳይነሣ እየተከማቸ የዝንብ መራቢያ ሆነ። ጆርጅ ቦርነሚሳ የተባለ ሳይንቲስት የውጭ አገር ጥንዚዛዎች እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ፤ የአገሪቱም የሳይንስ ምርምር ድርጅት ከ1968 ጀምሮ ከአፍሪካና ከሌላም ስፍራ ያመጣቸውን ዝርያዎች በመስክ ለቀቀ። በሽታና ተባይ አብሮ እንዳይገባ ሲባል ይላክ የነበረው በመድኃኒት የታጠበ የጥንዚዛ እንቁላል ነበር። ስለዚህ ጥንዚዛዎቹ አገር ሲለውጡ ተሳፋሪዎቻቸው በአፍሪካ ቀሩ።

ቆይቶም የዝንብ እንቁላል የሚበላ ቅንቅን ከደቡባዊ አፍሪካ ተመርጦ በ1980ዎቹ መባቻ ላይ ለብቻው እንዲገባ ተደረገ። ይህም ቅንቅን ቀድመው በገቡት ጥንዚዛዎች ላይ እየተሳፈረ በሰፊው ተሠራጨ። አዲስ ዝርያ መሆኑን በ1981 ገልጦ ማክሮኬሌስ ፔሬግሪኑስ ብሎ የሰየመው አሜሪካዊው የቅንቅን ሊቅ ጄራልድ ክራንትዝ ነው። ፔሬግሪኑስ በላቲን መጻተኛ ማለት ነው። ይህ ዝርያ ቀድሞ ከታወቀው ከማክሮኬሌስ ግላበር ጋር በአንድ ቡድን የሚመደብ፣ በቸልታ ለሚያየው ሰውም ከእርሱ የማይለይ ነው። ልዩነቱ ባይጻፍና ስሙ ባይወጣ ኖሮ ከሁለቱ የትኛው እንደ ተለቀቀ፣ የትኛውስ እንደ ጠቀመ ለይቶ መናገር ባልተቻለም ነበር።

ስም ማለት እንግዲህ ዕውቀት የሚንጠለጠልበት ችንካር ነው። ችንካሩ ያለ ቦታው ከተተከለ በላዩ የሚሰቀለው ሁሉ ያለ ቦታው ይሆናል።

ከመስክ እስከ መስተዋት

አዲስ ዝርያን የመግለጥ ሥራ የሚጀምረው በመስክ ነው፤ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በመስክ ነው። እኛ ራሳችን ያጠፋነውን እንናገር። በመጀመሪያው ቀን የያዝናቸውን ጥንዚዛዎች ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርናቸው። ቅንቅን ግን ተሸካሚው ሲጨነቅ ወይም ሲሞት ይወርዳል፤ በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ሌላው ጥንዚዛም ይወጣል። ማታ ጠርሙሱን ስንከፍተው የትኛው ቅንቅን ከየትኛው ጥንዚዛ እንደ መጣ የሚነግረን አንድም ምልክት አልነበረም። የቀኑ ድካማችን በዚህ ረገድ ከንቱ ሆነ። በማግሥቱ እያንዳንዱን ጥንዚዛ በየራሱ ትንሽ ጠርሙስ አደረግን፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የእበቱን ዓይነትና የሰብሳቢውን ስም በእርሳስ ጽፈን በየጠርሙሱ ውስጥ ጨመርን። የብዕር ቀለም በአልኮል ይሟሟልና እርሳስ ይመረጣል።

ቅንቅኖቹ የሚቀመጡት ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ነው። የዘር ቅንጣታቸው፣ ማለት ዲ.ኤን.ኤ.ያቸው፣ እንዲመረመር ከታሰበ ግን 95 በመቶና ከዚያም በላይ የሆነ አልኮል ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቅንቅኑ በላክቲክ አሲድ ውስጥ ቆይቶ አካሉ ብርሃን እንዲያሳልፍ ይደረጋል፤ ከዚያም በመስተዋት ላይ በአንድ ጠብታ ማጣበቂያ ይተከላል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ሆየር የሚባለው ማጣበቂያ ከተጣራ ውሃ፣ ከግራር ሙጫ፣ ከክሎራል ሃይድሬትና ከግሊሰሪን የተሠራ ነው። ማጣበቂያው እርጥበት ስለሚስብ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ የመስተዋቱ ጠርዝ በቫርኒሽ መታተም አለበት። ይህ ካልተደረገ ናሙናው በጊዜ ብዛት ይበላሻል።

ከዚህ በኋላ የማይክሮስኮፑ ሥራ ይመጣል። በማክሮኬሌስ ወገን ለምሳሌ የጀርባው ጋሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 28 ጥንድ ጠጉሮች ይቈጠራሉ። ተማሪው የእያንዳንዱን ጠጉር ቦታ፣ ርዝመትና ጫፉ ለስላሳ ወይስ የተሰነጣጠቀ መሆኑን ይመዘግባል። በሴቷ ደረት ላይ ያለው ጋሻ ምን ዓይነት መስመርና ነጥብ እንዳለው፣ ከመተንፈሻው ቀዳዳ የሚነሣው ቦይ እንዴት እንደሚጠመዘዝ፣ የፊተኞቹ እግሮች ጥፍር ያላቸው ወይም የሌላቸው እንደ ሆነ ያያል። ልኩን ሁሉ በሚሊሜትር ሺሕኛ ይጽፋል፤ ሥዕሉንም በማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ የመሣያ መሣሪያ ይነሣል። ይህን በአንድ ናሙና ብቻ አድርጎ መጨረስ አይገባም። አንዱ ግለሰብ ከሌላው መጠነኛ ልዩነት ስላለው፣ በግለሰቦች መካከል ያለው ልዩነት የት እንደሚያበቃና በዝርያዎች መካከል ያለው የት እንደሚጀምር የሚታወቀው ብዙ ናሙና ሲታይ ነው።

አላየነውም ማለትና አልታወቀም ማለት

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ማወዳደሩ ነው። «እኛ ከዚህ በፊት አላየነውም» የሚለው ቃል «ሳይንስ ከዚህ በፊት አላየውም» ከሚለው ቃል እጅግ የራቀ ነው። አዲስ ነው ባዩ በዚያ ወገን ውስጥ እስከ ዛሬ የተገለጡትን ዝርያዎች ሁሉ ጽሑፎች ማንበብና የሚቀራረቡትን ናሙናዎች ማየት አለበት።

በጥንዚዛ ቅንቅኖች ላይ ደግሞ ልዩ ወጥመድ አለ። በፓራሲቲዴ ቤተ ሰብ በጥንዚዛው ላይ የሚገኘው ዲዩቶኒምፉ ብቻ ነው፤ አዋቂዎቹ እበቱ ውስጥ ይቀራሉ። እንዲህ ከሆነ ዲዩቶኒምፉን ከጥንዚዛ የወሰደው ሰው አንድ ስም፣ አዋቂውን ከእበት ያወጣው ሌላው ሰው ሌላ ስም ቢሰጡ፣ አንዱ ፍጥረት ሁለት ስም ያገኛል። በዚህ ጊዜ ሕጉ የቀደመውን ስም ያጸናል፤ የኋለኛው ይወድቃል። ይህን ስሕተት ለማስቀረት ሁነኛው መንገድ ቅንቅኖቹን ከነሕይወታቸው ወስዶ ከእንቁላል እስከ አዋቂ ማሳደግ ነው።

የተገላቢጦሹም ወጥመድ አለ። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው የአውሮፓ ፖይኪሎኪሩሶች በመልክ አንድ ሲመስሉ፣ የተለያየ ጥንዚዛ የሚመርጡና እርስ በርሳቸው የማይዋለዱ ሁለት ዝርያዎች መሆናቸው በሙከራ ታውቋል። ስለዚህ «በሌላ ጥንዚዛ ላይ ተገኘ፤ እንግዲህ ሌላ ዝርያ ነው» ማለትም፣ «መልኩ አንድ ነው፤ እንግዲህ አንድ ዝርያ ነው» ማለትም በቂ ማስረጃ አይሆንም። በዘመናችን ሲ.ኦ.አይ. የተባለውን ጂን ማንበብ እንደ ተጨማሪ ምስክር ያገለግላል። ምስክሩ ግን ከጠጉሩ ቈጠራ፣ ከእርባታውና ከመስክ ማስታወሻው ጋር ተገናዝቦ መሰማት አለበት እንጂ ብቻውን አይፈርድም።

ስምና ዋቢ

በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አሰጣጥ ሕግ መሠረት አዲስ ስም የሚጸናው ታትሞ ሲወጣ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍና ዝርያውን ከሌሎች የሚለይ መግለጫ ሲኖረው ነው። ከ2000 መባቻ ወዲህ ደግሞ ጸሐፊው ስሙ አዲስ መሆኑን በግልጥ እንዲናገርና ሆሎታይፕ የሚባለውን አንድ ናሙና እንዲመርጥ፣ ናሙናውም በየትኛው የናሙና ስብስብ እንደሚቀመጥ እንዲያስታውቅ ይገደዳል። ከ2012 ወዲህ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚታተም ጽሑፍም ዙባንክ በተባለው መዝገብ ከተመዘገበ ተቀባይነት አለው።

ከዚህ ሁሉ ዋናው ሆሎታይፑ ነው። በአገራችን ልማድ ውል ያለ ዋቢ አይጸናም፤ ክርክር ሲነሣ ዋቢው ይጠራል። ሆሎታይፕም ለስሙ እንዲሁ ዋቢ ነው። የጸሐፊው ሥዕል ቢሳሳት፣ ልኩ ቢጣረስ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ያንን አንድ መስተዋት አንሥቶ «ስሙ የተሰጠው ለዚህ ነው» ሊል ይችላል። ዋቢው የጠፋበት ስም ግን ለክርክር የተጋለጠ ነው።

የኢትዮጵያ እንስሳት ዋቢዎች በብዛት የሚገኙት ከአገር ውጭ ነው። በ1830ዎቹ አገራችንን የጐበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰበው በፍራንክፈርት ከተማ በዜንከንበርግ ሙዚየም ይገኛል። በሸዋ፣ በአንኮበር አቅራቢያ ጣቢያ ተክሎ እስከ ሞተበት እስከ 1882 የቆየው ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪና ጓደኞቹ የሰበሰቡት ደግሞ ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ሄዷል። እነዚያ ሰዎች ናሙናዎቹን ጠብቀው ስላቈዩልን ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ከአንኮበር ግርጌ የተያዘን ጥንዚዛ ከወንድሙ ጋር ለማወዳደር ባሕር መሻገር የሚያስፈልገው ተማሪ ሥራው እንደሚከብደው ግልጥ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአራት ኪሎ፣ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ከእንግዲህ የሚመረጡት ዋቢዎች በአገር ውስጥ እንዲቀመጡ ማድረግ የተመራማሪው ፋንታ ነው። የአገሪቱን የዘር ሀብት አጠቃቀም የሚመለከተው፣ በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም ስላለ፣ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ስለ ስሙ አወጣጥ ጥቂት እንጨምር። ቦታን የሚያመለክት ስም አብዛኛውን ጊዜ በኤንሲስ ይጨርሳል፤ ለወንድ ሰው መታሰቢያ ሲሆን በኢ፣ ለሴት ሲሆን በኤ ይጨርሳል። ቅጽል የሆነ ስምም ከወገኑ ስም ጋር በጾታ መስማማት አለበት። ማንም ዝርያን በራሱ ስም አይሰይምም፤ ይህ ከሕጉ ይልቅ የጨዋነት ጉዳይ ነው።

የእኛ ቅንቅኖችስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሳባችን እንመለስ። በማይክሮስኮፕ ካየናቸው መካከል አንዳንዶቹ የማክሮኬሊዴን ቤተ ሰብ ምልክቶች ይዘዋል፤ የመተንፈሻቸው ቦይ እንደ ቤተ ሰቡ ልማድ የተጠመዘዘ ነው፤ የፊት እግሮቻቸውም ጥፍር የላቸውም። ሁሉም ሴቶች ናቸው። ወንዱን አላገኘንም፤ ልጆቻቸውን አላሳደግንም፤ የሚቀራረቡትን ዝርያዎች ዋቢዎች አላየንም። ከመጀመሪያው ቀን ናሙና ጋር የሚሄደውንም የተሸካሚውን ማስረጃ በገዛ እጃችን አጥፍተናል። ስለዚህ የጨፋን ስም አልሰጠናቸውም። ቤተ ሰባቸውን ብቻ ጽፈን፣ ከነተሸካሚ ጥንዚዛዎቻቸውና ከነመስክ ማስታወሻው ለሙዚየም እንዲሰጡ አዘጋጅተናቸዋል።

ይህን ማድረጋችን ሥራውን ችላ ለማለት አይደለም። እንዲያውም መቸኮል የሚገባበት ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም መሰብሰቡ ነው። የረግረጉ ዳርቻ ወደ እርሻ እየተለወጠ ሲሄድ የግጦሹ ስፍራ ይጠብባል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት አይቨርሜክቲን የተባለው የከብት መድኃኒት ከእበቱ ጋር ወጥቶ በውስጡ የሚያድጉትን የጥንዚዛና የዝንብ ልጆች ይጐዳል። መድኃኒቱ ለከብቱ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጥንዚዛው ሲሳሳ ተሳፋሪውም መንገድ እንደሚያጣ ማሰብ ይገባል። ስለዚህ አሰባሰቡ ዛሬ፣ ስሙ ግን ማስረጃው ሲሟላ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

በመጪው በጋ ወደ ጨፋ ሮቢት ለመመለስ አስበናል። በዚያን ጊዜ ጥንዚዛዎቹን ለየብቻ ለመያዝ፣ ከላም እበትና ከግመል ፍግ የሚገኙትን ለያይቶ ለመመዝገብና ሕያዋን ቅንቅኖችን ወስዶ ለማሳደግ እንሞክራለን። በዚህ ሥራ ልምድ ያላቸው መምህራን ምክራቸውን እንዲለግሱን፣ ከብት በሚበዛበት በሌላ አውራጃ ያደጉ ጓደኞቻችንም በየአገራቸው ያለውን እንዲሰበስቡልን እንለምናለን።

ሽማግሌውን ስናገኛቸው ግማሽ መልስ ይዘን እንቀርባለን። «አባቴ፣ ይህ ቅንቅን ከያዝናቸው ወገኖች ከሆነ ጥንዚዛውን አይበላውም፤ የሚበላው ከብትዎን የሚያስቸግረውን የዝንብ እንቁላል ነው። ስሙን ግን ገና እየመረመርን ነው» እንላቸዋለን። ያላረጋገጥነውን ስም ነግረናቸው ኋላ ከምናስተባብል፣ ይህን ያህል ብቻ ብንነግራቸው የሚቀየሙን አይመስለንም።